የፈውስ ብሩሽ
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲደውልልኝ ያው እንደተለመደው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ሕመም እንዳቀርብ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። "አይደለም፤ አዳራሹ በር ላይ ስለምንሰቅላቸው ፎቶዎችሽ ንገሪን" ተባልኩ። ሳቄ መጣ። እኔ ፎቶግራፍ አንሺ አይደለሁም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ፊደል መቁጠር የጀመርኩ ተማሪ ነኝ። የማፍርበት አንድ ታሪክ አለኝ፤ የተማርኩትም ከዚያው ነው። እሱን ነግሬያችሁ ልቀመጥ።

ጓደኞቼ እንደምታውቁት የቦረና ልጅ ነኝ፤ የመካነ ሰላም። ጎንደር አንደኛ ዓመት ሳለን "የት ነው እሱ ደግሞ?" ትሉኝ ነበር። ዛሬም ለረሳችሁት ልንገራችሁ። ከደሴ ተነስታችሁ የጉጉፍቱን ብርድ አልፋችሁ፣ ጊምባንና አቀስታን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ትሄዳላችሁ። ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት ያለችው ከተማ መካነ ሰላም ናት። ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ነው። አሁን የምኖረውም የምሠራውም ደሴ ነው፤ እናቴ ግን እዚያው ስላለች በዓል በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ ካኖን ካሜራ ገዛሁ። ምክንያቱ ትልቅ አልነበረም። ከሌሊት ተረኛ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበርና ከስልክ ሌላ እጄን የሚይዝልኝ ነገር ፈለግሁ። በዚያው ዓመት ለጥምቀት መካነ ሰላም ሄጄ ሁለት ቀን ሙሉ አነሳሁ። ታቦቱን፣ ካህናቱን፣ ሆ የሚለውን ወጣት፣ ነጭ ጋቢና ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ። ማታ ላፕቶፔ ላይ ገልብጬ ባይ ነጠላው ነጭ ነው፤ ሰማዩ ነጭ ነው፤ ሰዉ ግን ፊት የለውም። ከነጠላው መሐል ጥቁር ክብ ብቻ! እናቴ ከኋላዬ ቆማ አየችና "ይኼ ሁሉ ብር የወጣበት ለዚህ ነው?" አለችኝ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ካሜራው ፊቱ ያለው ነገር ነጠላ ይሁን ከሰል አያውቅም። የሚያየውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ሲበዛበት "ብርሃን በዛ" ብሎ ሥዕሉን ያጨልማል፤ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ቀድሞ ይጠፋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ አገር፣ በጥር ሰማይ፣ በቀትር ፀሐይ ሲሆን ይብሳል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐዩ ስለት አለው፤ ጥላውም ድቅድቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ የቀለም ፊልም ለእኛ መልክ ተብሎ አልተሠራም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚሆን ካርድ ይልክ ነበር፤ "ሸርሊ ካርድ" ይሉታል። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። እሷ አምራ ከወጣች ሥራው ተሳካ ይባላል። ፊልሙ ጥቁር መልክን በደንብ እንዲያሳይ ከተሻሻለባቸው ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች "የምርታችን ቀለም በትክክል አይታይም" ብለው ማማረራቸው ነው። የጥቁር ሰው ፊት አለመታየቱ ብቻውን ያን ያህል አላስቸኮላቸውም።

ሐኪም ይህን ሰምቶ አይስቅም። በየጣታቸው ላይ የምንሰካላቸው የኦክስጅን መለኪያ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በ"ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን" የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው ብሎ የደም ምርመራው ግን ኦክስጅን ማነሱን የሚያሳይበት አጋጣሚ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል። መሣሪያ ሁሉ የሠሪውን ዓይን ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ኤዲት ማድረግን "ማታለል ነው" የሚሉኝን አልቀበላቸውም። ካሜራው ያጠፋውን ፊት መመለስ ማታለል አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው።

አስተማሪዬ መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ወጣት ነበር። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አይቀረው። የጥምቀቱን ፎቶዎች በፍላሽ ይዤ ሄድኩና "እነዚህን የሚያድን አለ?" አልኩት። አይቶ ዝም አለ። ቆየና "ዶክተር፣ መጀመሪያ የጎደለውን እንፈልግ፤ ከዚያ ነው የምንነካው" አለኝ። የሆነ መምህሬ ድምፅ ነው የመሰለኝ! እዚህ ግቢ ስንት ጊዜ ተነግሮናል፦ በሽተኛውን ከመንካታችሁ በፊት እዩት። ማየት፣ መዳሰስ፣ መታ መታ ማድረግ፣ ማዳመጥ። ማየት ሁሌም መጀመሪያ ነው።

ሂስቶግራም የሚባለውን ግራፍ አሳየኝ። ከግራ ጥቁሩ፣ ከቀኝ ነጩ፣ መሐሉ ላይ ሌላው ሁሉ። እንደ ኢሲጂ ነው፤ ሥዕሉን ሳታዩ ሕመሙን ታነባላችሁ። ግራፉ በቀኝ በኩል ግድግዳ ከነካ ነጠላው ተቃጥሏል፤ የነጠላው ክር አይመለስም። በግራ ከነካ ጥላው ሞቷል። ካሜራዬን "ሮው" በሚባለው ጥሬ ፋይል እንዳነሳ ነገረኝ። ጄፔግ ካሜራው ራሱ አብስሎ፣ የመሰለውን ጥሎ የሚሰጠን ነው፤ ሮው ግን ካሜራው የሰበሰበውን ሁሉ ይዞ ስለሚቆይ ከጨለማ ውስጥ ፊት ለማውጣት ዕድል ይሰጣል። ኮምፒውተር ለሌለው ስልክ ላይ ስናፕሲድ፣ ኮምፒውተር ላለው ጊምፕ በነፃ እንደሚገኙም ከሱ ሰማሁ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የራሱ ሥራ ነበር። የፎቶ ቤቱ እንጀራ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ አልበም፣ ላሚኔሽንና ፎቶ ኮፒ ነው። ልቡን ሰጥቶ የሚሠራው ግን የሟች ፎቶ ነው። አንዲት ሴት የባሏን የቀበሌ መታወቂያ በመሐረብ ቋጥራ ትመጣለች። ላብ ያደበዘዘው፣ ማኅተም ግንባሩ ላይ ያረፈበት፣ ጥፍር የምታህል ፎቶ ናት። ሌላ ፎቶ የለውም። ለሙት ዓመቱ "አሳድግልኝ" ትለዋለች። ልጁ ስካን ያደርግና ማኅተሙን ከግንባሩ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ ያነሳል። "ሱፍ አልብስልኝ" ካለችው ሱፍና ከረባት ያለብሰዋል።

"ሰውዬው በሕይወቱ ከረባት አሥሮ ያውቃል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"አያውቅም። ግን ሚስቱ ናት የጠየቀችኝ። ልብሱን እንደፈለገች አደርግላታለሁ፤ ፊቱን ግን አልነካም። ፊቱን ከነካሁ 'ይኼ የሰው ባል ነው' ብላ ትመልስልኛለች።"

ያን ቀን ይህ ንግግር ከጆሮዬ አልፎ ልቤ አልገባም። ብገባ ኖሮ ዛሬ እዚህ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ጀማሪ ሁሉ የሚይዘው በሽታ አለ፤ እኔንም ያዘኝ። ላይትሩም ውስጥ ያለውን መጎተቻ ሁሉ እስከ ጥግ መጎተት። ሰማዩን ሰማያዊ ሳደርገው የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ መሰለ። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ እኛ ደንቆሮ ጫካ በምንለው በኩል፣ ጓሳው ላይ የሚግጡ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አነሳሁ። ወንዱ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ወደድኩትና ቀይ ቀለሙን ጎተትኩት። የሁሉም ደረት የበሰለ ቃሪያ መሰለ። ፎቶውን ለአንድ የእንስሳት ተመራማሪ ወዳጄ ኩራት በኩራት ሆኜ ላክሁለት። "እዚህ መንጋ ውስጥ ሁሉም አለቃ ነው እንዴ?" ብሎ መለሰልኝ። ለካስ ሴቶች የያዘው የመንጋው አለቃ ደረት ከሌሎቹ ወንዶች ይበልጥ ይቀላል፤ ቅላቱ ራሱ ወሬ ነው። እኔ ያሳመርኩ መስሎኝ መልእክቱን ነበር ያበላሸሁት።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። የምነግራችሁ ባለቤቷን አስፈቅጄ ነው።

ከእናቴ ቤት አጥር የሚጋሩ፣ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ አንዲት እናት አሉ። እማማ ነው የምላቸው። አንገታቸው ላይ ትልቅ እንቅርት አለ። ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእኛ ደጋ የእንቅርት አገር ነው፤ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል፤ ገበያ ላይ የምናገኘው ጨውም ለረጅም ዘመን አዮዲን አልነበረውም። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በሕግ ከተደነገገ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ቀድሞ የበቀለው እንቅርት ከአንገት ላይ አይወርድም። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው ተረታችን እንዲያው አልመጣም።

በአንድ ፋሲካ ማግስት እማማ ቡና ሲያፈሉ አነሳኋቸው። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ጉንጫቸው ላይ ወድቋል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ሸርተት ብሏል፤ ሊስቁ ትንሽ ቀርቷቸዋል። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ ጥሩው ፎቶ ነው። ደሴ ተመልሼ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። በዚያ ሳምንት ደግሞ አዲስ ዕቃ ተምሬ ነበር፤ "ሂሊንግ ብሩሽ" ይሉታል። የፈውስ ብሩሽ እንደማለት ነው። ፎቶሾፕ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የገባ ነው። የማትፈልጉት ቦታ ላይ ስትቀቡት ከአጠገቡ ካለው ደህና ቆዳ የቆዳውን ልክ ይወስድና እንከኑን ይሸፍናል።

መጀመሪያ ጉንጫቸው ላይ ያለችውን ነጥብ አጠፋሁ። ቀጥዬ የግንባራቸውን መስመር አለሰለስኩ። ከዚያ ወደ አንገታቸው ወረድኩ። ሥዕሉን ሁለት እጥፍ አጎልቼ፣ ከአንገታቸው እስከ ደረታቸው የሚወርዱትን የተገተሩ ደም ሥሮች አንድ በአንድ ቀባኋቸው። በመጨረሻ እንቅርቱን አነሳሁት። አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። የመጀመሪያ ቀዶ ጥገናውን እንደጨረሰ ሰው ኮራሁ።

በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ወሰድኩላቸው። እማማ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ዞሩ። ብዙ ቆዩ።

"ይቺ ማን ናት?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት እማማ።"

"እኔ?" ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ። "እንቅርቴስ?"

"አጠፋሁልዎት።"

"በምን?"

"በኮምፒውተር ነው እማማ።"

ትንሽ ዝም አሉ። ተቆጥተው አይደለም፤ እማማ መቆጣት አያውቁም። እንዲህ ነው ያሉኝ፦ "እወረቀቱ ላይ እንዲህ አርገሽ ታጠፊው እኔ ላይ ምነው ዝም አልሽው ልጄ? ሐኪም አይደለሽ?"

ወገኖቼ፣ ብዙ የመመረቂያ ፈተና ተፈትኛለሁ። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ፎቶውን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ቀን መጀመሪያ ጊዜ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያየሁትን አንገት አየሁት። ጠየቅኋቸው። ሌሊት ጋደም ሲሉ ያፍናቸዋል፤ ተደግፈው መተኛት ከጀመሩ ሁለት ክረምት ሆኗቸዋል። እንጀራ ያለ ውኃ አይወርድላቸውም። ለማን ነገሩት? ለማንም። "የቆየ ነው፤ ምን ይነገራል" አሉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው እንዲቆዩ ለመንኳቸው። ደቂቃ ሳይሞላ ፊታቸው ነፋ፣ ጠቆረ፤ የአንገታቸው ደም ሥር ተገተረ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። እዚህ ያላችሁት ታውቁታላችሁ፤ የፔምበርተን ምልክት ነው። እንቅርቱ ወደ ውስጥ፣ ከደረት አጥንት ሥር ወርዶ ትልልቆቹን ደም ሥሮችና የአየር ቧንቧውን ይጫናል ማለት ነው።

ያን ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ያልተነካውን ፋይል ፈለግሁ። ደግነቱ ያ የፎቶ ቤት ልጅ "ዋናውን እንዳይነኩ" ብሎኝ ስለነበር በኮፒ ላይ ነበር የሠራሁት። እዚያ ነበሩ። የተገተሩት ደም ሥሮች ከአንገታቸው ወደ ደረታቸው ሲወርዱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ምልክቱን በፎቶ ይዤው ነበር። ሁለት እጥፍ አጉልቼ አይቼዋለሁ። አይቼም "ሥዕሉን ያበላሸዋል" ብዬ አንድ በአንድ አጥፍቼዋለሁ። እኔ፣ ሐኪሟ።

የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። የማላውቀው ነገር ቢሆን አላዋቂነት ነው፤ ይቅር ይባላል። የማውቀውን ነገር ግን፣ ማሳመር ስፈልግ ማየት አቆምኩ።

እማማ ቶሎ አልታከሙም። መጀመሪያ "አርጅቻለሁ" አሉ፤ ቀጥሎ "አዝመራው ይግባ" አሉ። አዝመራው ሲገባ ልጆቻቸው ደሴ አመጧቸው፤ ምርመራው ተደርጎ ቀዶ ጥገናው ተሠራላቸው። ድምፃቸው ለጥቂት ወር ጎርነን ብሎ ነበር፤ ተመለሰ። አሁን ጋደም ብለው ይተኛሉ። ሲሻላቸው ሁለተኛ ፎቶ አነሳኋቸው። አንገታቸው ላይ እንደ ክር ማተብ የመሰለ ጠባሳ አለ። ገና ካሜራውን ሳወርድ "እቺን ደሞ እንዳትነኪብኝ" አሉኝ፤ ሳቅን። ቀጥለው ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ፦ "የፊተኛዋንም አምጪልኝ፤ ከነእንቅርቴ ያለችዋን። ልጆቼን ያሳደግሁት በሷ አንገት ነው።" ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያሉት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። እኔ አራት ሰዓት የለፋሁበት ሦስተኛው፣ ማንም የማይመስለው፣ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ፎቶ መንካት ቀላል ነገር አለመሆኑን እኛ ወሎዬዎች ከሌላው ቀድመን ማወቅ ነበረብን። የልጅ ኢያሱን ነገር አስቡ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወረሂመኖ ባላባት ዘር ናቸው፤ ያ ስም ዛሬ ጭላዳዎቹን ያነሳሁበት ፓርክ ስም ውስጥ አለ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋና ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። በዚያ ሰሞን የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በማስረጃነት ሲዘዋወር እንደነበር፣ ፎቶው ተቀጥሎ የተሠራ ነው የሚሉም እንዳሉ በታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል። የክሱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ፎቶው ብቻውን ንጉሥ አያወርድም። ግን በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ ስንት ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተንም "ፎቶው እውነት ነው ወይስ የተሠራ?" እያልን እንጠይቃለን። ያን ጊዜ መቀስና ሙጫ ነበር። ዛሬ ስልክ ነው፤ ሰከንድ አይፈጅም።

ለሐኪም ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። ሁላችንም የሕሙማንን ፎቶ በቴሌግራም እየላክን እንማከራለን፤ በተለይ ስፔሻሊስት በሌለበት ቦታ። አንድ ጊዜ የሕፃን ሽፍታ በስልኬ አንስቼ ለቆዳ ሐኪም ጓደኛዬ ላክሁ። "ቆዳው ንጹሕ ነው፤ ምኑን ልይ?" አለችኝ። ሽፍታው ፊቴ አለ፤ ፎቶው ላይ የለም። ስልኬ ሳላዝዘው ፊት ሁሉ የሚያለሰልስበት "ማሳመሪያ" በርቶ ነበር። ያን ቀን የፈውስ ብሩሹን የያዝኩት እኔ እንኳ አልነበርኩም። ቢጫ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በቢጫ አምፑል ሥር፣ የገረጣች እናት ቀለም "አሞቀ" በሚል ስልክ ብትነሳ ምን እንደምንል አስቡት።

ስለዚህ ለወጣቶቹ፣ ካሜራም ሆነ ስልክ ለያዛችሁ፣ ከስህተቴ የተረፈኝን ልስጣችሁ። ለሕክምና የሚነሳ ፎቶ ኤዲት አይደረግም፤ አለቀ። ማሳመሪያውን አጥፉ። ከቁስሉ አጠገብ ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ አድርጉ፤ ወረቀቱ ቀለሙን፣ ማስመሪያው መጠኑን ይመሰክራል። በመስኮት ብርሃን አንሱ። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ "በፋይል" ላኩት። አስፈቅዱ፤ ማንነቱን ሸፍኑ፤ ሥራው ሲያልቅ ከስልካችሁ አጥፉ።

ለደስታችሁ ለምታነሱት ደግሞ፣ ዋናውን ፋይል ፈጽሞ አትንኩ፤ በኮፒ ሥሩ። መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ቀጥሎ ቀለሙን፣ ከዚያ ነው ሌላውን። ነጭ የቱ እንደሆነ ስታጡ ነጠላውን እዩ፤ የማታ ነጠላ ግን ወርቅማ እንጂ ነጭ አይደለም፤ ነጭ ካደረጋችሁት ማታውን አጠፋችሁት። ዓባይ አፋፍ ላይ ስታነሱ አድማሱን ቀና አድርጉ፤ አገሩ ገደል ነው፣ እናንተ አትጨምሩበት። መብራት ጠፍቶ በጨለማ፣ ባትሪ ለመቆጠብ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሳችሁ አትሥሩ፤ ሥዕሉ የጨለመ ይመስላችሁና ታበሩታላችሁ፤ ጠዋት ሲታተም ታጥቦ የነጣ ልብስ ይመስላል። ይህን ሦስት ጊዜ ከፍዬ ተምሬዋለሁ። ሁልጊዜም አሳድራችሁ እዩት። ማታ ያማረ ሁሉ ጠዋት አያምርም።

ብሩሹን ስታነሱ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ይህን ነገር ያመጣው ካሜራው ነው ወይስ ሰውዬው ላይ ያለ ነው? ካሜራው ያመጣው ከሆነ፣ አቧራ፣ ጨለማ፣ የተጣመመ ቀለም ከሆነ፣ ያለ ሐሳብ አጽዱት። ሰውዬው ላይ ያለ ከሆነ የእሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት። "አጥፉልኝ" ካለ መብቱ ነው፤ ሱፍ አልብሱልኝ ካለችም አልብሱላት። እኔ ያጠፋሁት ግን እንቅርቱን ብቻ አልነበረም። ሳልጠይቅ ነው ያጠፋሁት፤ ሳልጠይቅ ስለሆነም ሕመሙን አልሰማሁም።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ ከእኛ በላይ በስልክ ያያሉ። ማየት የምርመራ መጀመሪያ መሆኑን ለእኛ እንዳስተማራችሁን፣ ስልኩ ከእነሱ ቀድሞ እንደሚያይ፣ ሲያይም እንደሚያስተካክል አስተምሯቸው። የሕክምና ፎቶ አነሳስ አንድ የከሰዓት ትምህርት ቢሆን አይበዛም። መምህር ካጣችሁ መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ አንድ የማውቀው ልጅ አለ።

ጨረስኩ። ወደ ቡናው ስትወጡ በሩ በስተቀኝ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንዲት እናት ቡና ስታፈላ ነው፤ በአንዱ ከነእንቅርቷ፣ በሌላው ከነጠባሳዋ። ሁለቱም ላይ ብርሃኑን አስተካክያለሁ፤ አንገቷን አልነካሁም። የመጀመሪያውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ደም ሥሮቹን ፈልጓቸው። እኔ ካየሁት ቀድማችሁ እንደምታዩት ተስፋ አደርጋለሁ።